ጠያቂ የበዛባት ኮራል

ድንጋይ አስታምማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስታምሜአለሁ። ትራስ ከማቃናት በቀር ያላደረግሁላት ነገር የለም፤ እሱም ትራስ ስላልነበራት ነው። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ግን መጀመሪያ ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ነው፤ ከባድ መኪና ነጂዎች አሰብን እንደ ጓሮ በራቸው በሚመላለሱበት ዘመን። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ባሕር የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ይህ ግን ስለ ባሕር ከማስተማር አግዶኝ አያውቅም፤ ጨረቃንም ሳልረግጣት ነው የማስተምራት። ኮራል የሚባለውን ነገር በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደ አበባ ጎመን እሥለውና፣ "ባሕር ውስጥ የሚገኝ የድንጋይ ዓይነት ነው፤ ጻፉ" እላለሁ። ተማሪዎቼ ይጽፋሉ። አንድም ቀን "ከየት አመጡት?" ያለኝ የለም። ጥሩ ልጆች ነበሩ።

ከዚያ ጋሽ አንጁሎ ጎረቤቴ ሆነ።

ጋሽ አንጁሎ የጨንቻ ሰው ነው፤ የሸማኔ ልጅ፣ የሸማኔ ወንድም። እሱ ግን በወጣትነቱ የጨንቻን ብርድ ሸሽቶ ቁልቁል ወረደ። ወርዶ ወርዶ፣ መውረጃው ሲያልቅበት ቀይ ባሕር ላይ ነበርና ባሕር ኃይል ገባ። ባሕር ኃይሉ ሲበተን ደግሞ ወደ ላይ መመለስ ጀመረ፤ እኛ ሰፈር ሲደርስ ደከመውና ቤት ተከራየ። በዚያች ቤት ሳሎን፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በብረት ፍሬም የታሰረ የመስተዋት ገንዳ አለ። ገንዳው ውስጥ በጄሪካን ተጭኖ ከአሰብ የመጣ የባሕር ውኃ አለ። ውኃው ውስጥ፣ ሁለት ጭብጥ የምታህል፣ ቡናማ፣ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያላት ነገር ተቀምጣለች። ያመጣለት አንድ የድሮ ወዳጁ የሆነ ሾፌር ነው፤ ጋቢና ውስጥ፣ በባልዲ፣ ረዳቱን ከኋላ ጭነቱ ላይ አስቀምጦ።

መጀመሪያ ያየኋት ቀን፣ "ይህቺ ናት ድንጋይዋ?" አልኩት።

ጋሽ አንጁሎ በርጩማ ሳበና፣ "ቁጭ በል፤ አትናገር" አለኝ። ለእኔ ሁለተኛው ከባድ ትእዛዝ ነው፤ ቢሆንም ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆየን። ከዚያ ከቡናማው ድንጋይ ላይ፣ ከእያንዳንዷ ቀዳዳ፣ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጡ ጣቶች ብቅ፣ ብቅ፣ ብቅ አሉ። ውኃው ውስጥ ሆነው እጃቸውን እንደሚያውለበልቡ ሕፃናት ወዲያ ወዲህ ይሉ ጀመር። ከበርጩማው ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

"እንስሳ ናት" አለኝ። "አንድ እንዳይመስልህ፤ እልፍ ናቸው። እያንዳንዷ ነጥብ አፍ ናት። ድንጋዩ ቤታቸው ነው። ከውኃው ውስጥ እንደ ኖራ ያለ ነገር እያወጡ ራሳቸው ነው የሠሩት።"

በማግስቱ ክፍል ገብቼ፣ "ስለ ኮራል የጻፋችሁትን ሰርዙ" አልኩ። "በምን እንተካው?" አሉኝ። "ቤት የሚሠራ አፍ በሉት" አልኳቸው። ፈተና ላይ ይህን የጻፈ ሁሉ ሙሉ ማርክ አግኝቷል።

ከዚያ ወዲህ አላርፍ አልኩ። ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ወደ ጋሽ አንጁሎ ቤት ነው። ይተኛሉ ወይ? አንዷ ስትበላ ሌላዋ ትጠግባለች? ቤት መሥራት ማን አስተማራቸው? ጋሽ አንጁሎ የሚያውቀውን ይመልሳል፤ የማያውቀውን "እሱን እሷን ጠይቃት" ይለኛል። ከዚያ ደጃፉ ላይ ወጥተን ዳማ እንጫወታለን። በዳማ የሚያሸንፈኝ ሰው አርባ ምንጭ ሙሉ ነው፤ አሸንፎኝ የማይስቅብኝ ግን እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ችግሩን ልንገራችሁ። ጨንቻ ያለው ወንድሙ፣ ወዛ ይባላል፣ በየገበያው ቀን ሰው ይልክበታል፦ "የአባታችን መሬት ሰው ይፈልጋል፤ እንሰቱ ሰው ይፈልጋል፤ ውጣና ከእኛ ጋር ኑር።" የጋሽ አንጁሎም መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ይህቺን ይዤ ጨንቻ ብወጣ በብርድ ትሞትብኛለች። እሷ በሕይወት እስካለች ከቆላ አልወጣም።" ወዛ ይህን ሲሰማ አልተቆጣም። "እሺ፣ እስክትሞት እንጠብቃለን" ብሎ ላከ። ሸማኔ መቼም መጠበቅ ይችልበታል።

ስለዚህ የጎረቤቴ በአርባ ምንጭ መኖር በዚያች ባለ ጣት ድንጋይ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እሷ ከሞተች እሱ ይወጣል። እሱ ከወጣ እኔ በየምሽቱ እየተሳቀብኝ ዳማ ልጫወት ነው።

አንድ ቀን ከጨንቻ መልእክት መጣ። በአባታቸው መሬት ወሰን ላይ ጠብ ተነሥቶ ሽማግሌዎች ዱቡሻ ሊቀመጡ ነው። ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች ለሸንጎ የሚቀመጡበት ሜዳ ነው፤ ነገሩ ካላለቀ፣ የተጣላው ካልታረቀ፣ መነሣት የለም። ጋሽ አንጁሎ መቼ እንደሚመለስ አያውቅም። የቤቱን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝ።

"በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ያደረ የምንጭ ውኃ ትጨምራለህ፤ መስተዋቱ ላይ እስካሰመርኩት መስመር" አለኝ። "ፀሐይ የምትወስደው ውኃውን ነው፤ ጨው አትወድም፤ ትታው ትሄዳለች። ያንተ ሥራ ፀሐይ የወሰደችውን መመለስ ብቻ ነው። መብራት ከጠፋና የገንዳው አየር መንፊያ ከቆመች፣ ይኸው፣ የነፋሁት የመኪና ጎማ ከመነዳሪ አለ፤ ቱቦውን እዚያ ላይ ትሰካለህ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም።"

"ምንም ምንም?"

"ወንድሜ፣ ምንም ማለት ምንም ነው" ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ።

መጀመሪያ ሰሞን እንደ ሰዓት ነበርኩ። ብርጭቆዬን ይዤ በጠዋት እገባለሁ፣ እሞላለሁ፣ ጣቶቿን "እንዴት አደራችሁ" ብዬ እወጣለሁ። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። እኔ ላይ ችግር የሚደርሰው ባሰብኩ ቁጥር ነው። በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ከሆነ በሳምንቱ መጨረሻ አንድ ጆግ አይደለም ወይ? ውኃው ያው ውኃ ነው፤ ሒሳቡም ያው ሒሳብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጆግ ገልብጬ ሳምንቱን ባርፍ ማን ይጎዳል?

የሲቀላን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ያልሰጠኸውንም ይወስዳል። ውኃው ከመስመሩ እየወረደ፣ የቀረውም ጨው እየበዛበት ሰነበተ። ቅዳሜ ጆጌን ይዤ ገባሁና ሿ አድርጌ ገለበጥኩት። ውኃው መስመሩ ላይ ደረሰ፤ ልክ፣ ንቅንቅ የለም። በራሴ ኮራሁ። ዞር ብዬ ሳያት ጣቶቿ በሙሉ ገብተዋል። እሑድም አልወጡም። ሰኞ "ምን አደረግኩሽ?" አልኳት።

እንዲህ ተኮራርፈን ጥቂት ከቆየን በኋላ ዮናስን ጠራሁት። ዮናስ ከጎጃም የመጣ፣ የውኃ ምሕንድስና ተመርቆ ሥራ የሚጠብቅ፣ የእኛን ግቢ ሰርቪስ ቤት የተከራየ ልጅ ነው። ገና ከመግባቱ ዓይኑ በራ፤ ከተመረቀ ወዲህ ስለ ውኃ የጠየቀው ሰው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ሮጦ ሄዶ ከጓደኞቹ መለኪያ ተውሶ መጣ፦ ውኃ ላይ እየተንሳፈፈ የጨውን መጠን የሚናገር የመስተዋት ቀጭን ዕቃና ውኃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ወረቀት።

"መምህር፣ ጨው ጎድሏል!" አለ። ከኩሽናዬ አንድ እፍኝ ጨው አመጣን።

በማግስቱ፣ "አሁን በዝቷል!" አለ። ውኃ ጨመርን።

"ወረቀቱ የሚለው ደግሞ፣ ኮምጥጧል!" ሶዳ ጨመርን።

"ሶዳው አለፈ መሰለኝ፣ መምህር፤ ያቺን ሎሚ ያቀብሉኝ።"

ሎሚ ጨመርን። እውነቴን ነው፤ በርበሬ ብቻ ነበር የቀረን።

ኮራሏ ግን የባሰባት መሰለች። ይህን ለባለቤቴ ለርብቃ ነገርኳት። ርብቃ ነርስ ናት፤ ስለ ሰው በሽታ አንድ ቃል አይወጣትም። ኮራል ግን ሰው አይደለችምና እሑድ ከጸሎት በኋላ ለመዘምራን ጓደኞቿ፣ "የጋሽ አንጁሎ የባሕር እንስሳ ታማለች፤ ባለቤቴም እንቅልፍ አጥቷል" ብላ አወራች።

እዚህ ላይ አገራችሁን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ፦ የታመመ መኖሩ ከተሰማ ይጠየቃል። ሲጠየቅ ደግሞ ባዶ እጅ አይገባም። በሽተኛው ሰው ይሁን ኮራል ይሁን ሕጉ አይለይም።

መጀመሪያ የደረሰችው ጎረቤታችን እትዬ ማርታ ናት፤ የሽፈራው ቅጠል ቀጥቅጣ በጨርቅ ቋጥራ።

"እትዬ ማርታ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ግን እሷ ቅጠል አትበላም" አልኳት።

"ማን ይብላ አለ? ትጠጣዋለች። ሽፈራው ያላዳነው በሽታ አለ? ለደም ብዛት ብትል፣ ለስኳር ብትል፣ ለወገብ ብትል..."

"ወገብ የላትም።"

"ታዲያ ለሱ ነዋ የታመመችው!"

ሌላ ሰው በር ላይ ልቀበል ስወጣ ጨርቁን ውኃው ውስጥ ጨምቃ ጠበቀችኝ። በር ላይ የተቀበልኩት አንድ ግንበኛ ነው፤ ኖራ በወረቀት ጠቅልሏል። "ቤቷ ኖራ ነው ብለሃል፤ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚቸግረው ኖራ ነው" አለኝ። ይህን ክርክር የሚረታ ሰው ካለ እስቲ ይምጣ፤ እኔ አልቻልኩም። ከሱ ቀጥሎ የመጡት ሽማግሌ የጸበል ያህል የሚያከብሩትን የምንጭ ውኃ በጄሪካን ተሸክመው ነው። "የትኛው ምንጭ እንደሚስማማት ስላላወቅሁ ከአርባውም ትንሽ ትንሽ ቀድቻለሁ" አሉኝ። ከከተማው ሥር ካለው ጫካ ውስጥ አርባውን ምንጭ ቆጥሮ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም። እንዲህ ያለ ድካም እንዴት ይመለሳል? ግማሹን ጨመርንላቸው።

አንዷ ደግሞ ትኩስ የዓሣ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ መጣች። ይህን ግን በር ላይ አስቆምኩት። "እትዬ፣ ዘመዷን ነው እኮ የሚያበሏት!" ስላት ደነገጠችና ሾርባውን ለእኔና ለዮናስ ቀዳችልን። ሾርባው ለሕክምናው የረዳው በዚህ ብቻ ነው።

ዮናስ ከጠያቂው ኋላ ኋላ እየተከተለ ያስተካክላል። ሽፈራው ገባ፤ ይለካል። ኖራ ገባ፤ ወረቀቱ ቀለሙን ይቀይራል፤ ሎሚ ያስገባል። የምንጩ ውኃ ገባ፤ ጨው ይበትናል። ያ ውኃ ጠዋት ምንጭ ነበር፣ ቀትር ላይ ቀይ ባሕር፣ ማታ ደግሞ የፓስታ ቅቅል። ሁላችንም የየድርሻችንን ሠርተን ስንወጣ ዮናስ ላቡን እየጠረገ፣ "መምህር፣ ቁጥሩ ልክ ነው! የሳምንቱ አማካይ ከባሕሩ ጋር አንድ ነው!" ይለኛል።

"ታዲያ ለምን አትከፈትም?"

ዮናስ መለኪያውን አየ፣ ኮራሏን አየ፣ እኔን አየ። "እሱ ነው ያልገባኝ" አለ።

እኔንም ይበላኝ የነበረው ይኸው ነው። ቁጥሩ ልክ፣ እንስሳዋ ሕመምተኛ። ይህን እያሰላሰልን ሳለ የቅርንጫፎቿ ጫፍ መንጣት ጀመረ። ዮናስ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ "ነጭ ጥሩ ነው መሰለኝ፤ እየጠራች ይሆናል" አለ። ቡናማው ግን በየቀኑ ቁልቁል ይሸሽ ነበር። ወዛ ጨንቻ ላይ ሆኖ መወርወሪያውን እየወረወረ ሲጠብቅ ታየኝ።

በዚህ መሀል እኔን ወባ ጣለኝ።

ሲቀላ ኖሮ ወባ ያልያዘው ሰው የለም፤ አያስገርምም። የገረመኝ ሌላ ነው። መታመሜ በተሰማ ቅጽበት፣ ጋሽ አንጁሎ ቤት ይጎርፍ የነበረው ጠያቂ በሙሉ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ እኔ አልጋ መጣ። እትዬ ማርታ ሽፈራውዋን ይዛ ገባች። "ብርድ ነው ይህ!" ብላ ሁለት ብርድ ልብስ ደረበችብኝ፤ መስኮቱንም ዘጋች። እሷ ስትወጣ ግንበኛው ገባ፤ "ኧረ አፈናችሁት!" ብሎ መስኮቱን ከፍቶ ብርድ ልብሱን ገፈፈኝ። ሽማግሌው ቀዝቃዛ የምንጭ ውኃ አናቴ ላይ አፈሰሱ። ባለ ሾርባዋ ወዲያው የፈላ ሾርባ በማንኪያ አፌ ውስጥ ከተተች። ዮናስ ደግሞ፣ እግዜር ይየው፣ የርብቃን ቴርሞሜትር አግኝቶ ራስጌዬ ቆሟል።

"ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል! ጨርቅ ንከሩ!"

ይነክራሉ።

"ሠላሳ ስድስት! ደርቡለት፣ ደርቡለት!"

ይደርባሉ።

አንዴ ጨንቻ ነኝ፣ አንዴ አፋር። መናገር አልቻልኩም። ጣቶቼን ሁሉ ጨብጬ፣ ጉልበቴን አገጬ ድረስ ሰብስቤ፣ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ዮናስ ሲናገር ይሰማኛል፦ "አይዟችሁ፣ አማካዩ ሠላሳ ሰባት ነው፤ ጤነኛ ነው!"

ያን ጊዜ፣ ትኩሳቱ መሀል፣ ገባኝ። ድንገት እንደ መብራት በራልኝ። ያቺ ምስኪን ጣቶቿን ሰብስባ ግድግዳዋን ስታይ የከረመችው ለዚህ ኖሯል! ሙቀቱን እለምደው ነበር፤ ብርዱንም እለምደው ነበር። ልለምድ ስል ግን አንዱ መጥቶ ይገለብጠዋል። ከዚያም አዲሱን ልለምድ እጀምራለሁ፤ ሌላው ደግሞ መልሶ ይገለብጠዋል። የሚገድለኝ መገላበጡ ነበር።

ርብቃ ከሥራ ስትገባ ቤቱን አይታ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፦ "ውጡ!" ወጡ። ኪኒኔን ሰጠችኝ፤ ማስታወክ ስላበዛሁም ግሉኮስ ሰቀለችልኝ። ተጋድሜ ጠብታውን አየሁት። ጠብ። ቆይቶ ጠብ። ማንም አይቸኩልም። ትልቁ ላስቲክ ሙሉ ነበር፤ ግን አንድም ጊዜ ሿ አላለም።

"ርብቃ" አልኳት፣ "ባዶውን ላስቲክ እንዳትጥዪው። ለኮራሏ እንሰቅልላታለን።"

ርብቃ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። "መቃዠት ጀመረ" አለችና መብራቱን አጠፋች።

በእግሬ መሄድ እንደቻልኩ ዮናስን ይዤ ጋሽ አንጁሎ ቤት ገባሁ። እኔ በታመምኩበት ጊዜ ሁሉ ማንም ወደዚያ አልገባም ነበር፤ የሕዝቡን ፍቅር ለብቻዬ ነው የወሰድኩት። ዮናስ ብቻ በየጠዋቱ አንዲት ብርጭቆ ውኃ ጨምሮ ወደ እኔ ቴርሞሜትር ይሮጥ ነበር። ኮራሏ ከላይ ነጭ ናት፤ ከሥር ባለችው በአንዲት ቡናማ ቅርንጫፍ ላይ ግን ሁለት ጣት። ሁለት! አቀርቅረን ስናያቸው ግንባራችን ተጋጨ።

"መለኪያውን ላምጣ?" አለኝ ዮናስ በሹክሹክታ።

"ዮናስ፣ አማካዬ ሠላሳ ሰባት በነበረ ጊዜ እኔ እንዴት ነበርኩ?"

ቀስ እያለ ፊቱ ተቀየረ። "ቁጥሩ አይደለም" አለ። "ዝላዩ ነው! መምህር፣ እኛ ባስተካከልን ቁጥር ነው እኮ የምትዘለው!" እንዲህ ያለ ደስታ ሥራ ባገኘበት ቀን እንኳ አላየሁበትም፤ በኋላ አግኝቷል።

ሥራችን ቀላል ነበር፤ ምንም አለማድረግ ማለት ይቻላል። የታጠበውን የግሉኮስ ላስቲክ በምንጭ ውኃ ሞልተን ከጣሪያው ወራጅ ላይ ሰቀልነው፤ ርብቃ ጠብታውን ፀሐይ በቀን የምትወስደውን ያህል እንዲሆን አዘገየችው። ጓዳ ውስጥ ጋሽ አንጁሎ ያስቀመጠው የአሰብ ውኃ ነበር። ከገንዳው አንድ ኩባያ እናወጣለን፣ አንድ ኩባያ እናስገባለን፤ ከዚያ እስከ ነገ እጃችንን ወደ ኋላ አስረን እንቆማለን። ይህቺ "እስከ ነገ" የምትባለው ነገር ነች ሰው የምታከሳው። ስንት ጊዜ ሎሚው አማረኝ!

በሩን በቁልፍ ቆለፍኩት። ግን መስኮት አለ። እትዬ ማርታ በመስኮት አጮልቃ የተሰቀለውን አየች፤ "ግሉኮስ ተሰክቶላታል!" ብላ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰች። ግሉኮስ የተሰካለት ሕመምተኛ ደግሞ ከተራ ሕመምተኛ ይበልጣል። መግባት ቢከለከሉም ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ደርድረው መቀመጥ አልከለከልኳቸውም። ተራ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ፤ እኔ ስወጣ፣ "እንዴት ዋለች?" ይሉኛል። "ሦስት ጣት" እላለሁ። "ተመስገን!"

ገና እዚህ ላይ ሳለን ከጨንቻ ሰው መጣ። ወሰኑ ተፈትቷል፤ ጠበኞቹም ታርቀዋል። ጋሽ አንጁሎ በማግስቱ ጠዋት ይገባል። ወዛም አብሮት ይመጣል፤ ኮራሏ መታመሟን ሰምቶ።

ሲገቡ ከሩቅ አየኋቸው። ወዛ በሲቀላ ፀሐይ ወፍራም ቡሉኮውን እስከ አገጩ ተከናንቧል፤ ላቡ ይንጠባጠባል፤ ግን አያወልቅም። ጋሽ አንጁሎ አግዳሚ ወንበሩን፣ በላዩም አንገታቸውን ደፍተው የሚዘምሩትን ሰዎች ሲያይ እግሩ ተሳሰረ።

"ማነው የሞተው?" አለ።

"ማንም፣ ማንም" ብዬ እጁን ይዤ አስገባሁት።

የተሰቀለውን ላስቲክ አየ። የነጣውን አየ። እኔም ከጆጌ ጀምሬ እስከ ወባዬ፣ ሽፈራውን፣ ኖራውን፣ ሎሚውን፣ አርባውን ምንጭ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ከሁሉ መርጦ፣ "የምን ሾርባ ነው ያልከው?" አለኝ።

"የዓሣ። ግን አልገባም! እኔና ዮናስ ጠጣነው።"

ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

ወዛ ጎንበስ ብሎ መስተዋቱ ውስጥ አየና ቀና አለ። "አንጁሎ፣ ይህ አጥንት ነው። ሞታለች። ዕቃህን ሰብስብ" አለው። ይህን ብሎ ግን እጁን ቡሉኮው ውስጥ ከተተና በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣ። "ቢሆንም ባዶ እጄን አልመጣሁም። እናታችን የላከችው ቅቤ ነው። ትንሽ አናቷ ላይ..."

"አይገባም!" ብለን ጮኽን፤ እኔ፣ ዮናስ፣ ርብቃ፣ በመስኮቱም በኩል እትዬ ማርታ። ወዛ ቅቤውን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ግድግዳው አፈገፈገ።

"ቁጭ በሉ" አለ ጋሽ አንጁሎ። "ዝም በሉ።"

ተቀመጥን። ወዛም ተቀመጠ። ከጣሪያው ጠብ ይላል። ቆይቶ ጠብ። የአየር መንፊያዋ ትንሾካሾካለች። ውጭ ያሉት መዘመራቸውን አቆሙ። ወዛ ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጋሽ አንጁሎም ሁለቴ ገላመጠው። እኔ የማስበው ስለ ዳማ ነበር።

ከሥሯ፣ ከቡናማዋ ቅርንጫፍ፣ አንድ ጣት ወጣ።

"ምንድነው እሱ?" አለ ወዛ።

ሁለተኛ ወጣ። ሦስተኛ። ከዚያ ቅርንጫፏን ሙሉ። ወዛ ሳይታወቀው ወንበሩን ትቶ በጉልበቱ ተንበርክኳል፤ አፍንጫው መስተዋቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

"ይህ ሁሉ ሕይወት አለው?"

"አለው" አለ ጋሽ አንጁሎ። "የላይኛው ሞቷል። የታችኛው አለ።"

"ቤቱን ራሳቸው ሠሩት?"

"ራሳቸው።"

"በምን?"

"ውኃው ውስጥ ካለው። የማይታይ ነገር እየለቀሙ።"

"ከውኃ ፈትለው?" አለ ወዛ፤ ሸማኔ ነውና እጁን እንደ መወርወሪያ ወዲህ ወዲያ አደረገ። "ከውኃ! ነጩስ ይፈርሳል?"

"አይፈርስም፤ ቤት ነው። የቀሩት ከሥር እያደጉ ከቻሉ ይለብሱታል። ይቆያል።"

"ስንት ይቆያል?"

"ብዙ ዓመት።"

ወዛ ዞር ብሎ ወንድሙን አየው። ቡሉኮው ከትከሻው ወርዷል። "ለመሆኑ እንዲህ ያለች ነገር ዕድሜዋ ስንት ነው?"

ጋሽ አንጁሎ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "እንግዲህ... ባሕር ላይ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ፣ ውኃው ካልተገለባበጠባት፣ ሰውም እጁን ካላስገባባት፣ መቶ ዓመትም ትኖራለች። ከዚያም ያልፋል ይላሉ።"

ወዛ በጣቶቹ ትንሽ ነገር ቆጠረ፤ የራሱን ዕድሜ ይመስለኛል፤ ቆጠራውንም ተወው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"መምህሩ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ጆጉን የገለበጥከው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ አንዴ ጀምረኸው ነበር፤ ለምን አልጨረስከውም?"

ማንም ሳይስቅ፣ ወዛ ያንን ወፍራም ቡሉኮ አወለቀ። አጣጥፎ መሬት አነጠፈውና ተቀመጠበት። ጋሽ አንጁሎ ልንስቅ እንደሆነ አይቶ አፉን ሊከፍት ሲል ወዛ ቀደመው።

"ዝም በሉ እስቲ" አለን፣ ዓይኑን ከመስተዋቱ ሳይነቅል። "ሌላዋ ልትወጣ ነው።"